የወፎች መጠለያ በኢትዮጵያ ልዩ ልዩ ክፍሎች፤ ለነጋዴ የሚበጅ ትምህርት

ነጋዴ ዕቃውን በኪሎ ይመዝናል፤ ትርፉንም በብር ይቈጥራል። ስለዚህ በሰማይ የሚበር ወፍ ከመደብሩና ከመዝገቡ ጋር ምንም ግንኙነት የሌለው መስሎ ቢታየው የሚያስደንቅ አይደለም። ይሁን እንጂ ነገሩን ረጋ ብሎ ለሚመረምረው ሰው የወፎች መኖሪያ የሆኑት ሐይቆች፥ ደኖችና ሜዳዎች በንግድ መንገድ ላይ የሚገኙ ናቸው። ከሐይቁ ሶዳ ይወጣል፤ ከደኑ እንጨትና ከሰል ይወርዳል፤ ከሜዳው ከብት ይነዳል፤ በሸለቆው ላይ የኤሌክትሪክ ሽቦ ይዘረጋል። ከውጭ አገር የሚመጣው መድኃኒትና መርዝም በመጨረሻው የሚደርሰው ወደዚሁ ምድር ነው። እንግዲህ ወፎች በሀገራችን የት የት እንደሚጠለሉ፥ የሚያገኛቸውም ጉዳት ከምን እንደሚመጣ ማወቅ ለአስመጪውም፥ ለላኪውም፥ ለባለሱቁም የሚጠቅም ትምህርት ነው።

፩ኛ/ የወፎች መጠለያ ማለት ምን ማለት ነው?

በኢትዮጵያ ከ860 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች መኖራቸው ተመዝግቧል። ከእነዚህ ውስጥ ከአሥራ አምስት የማያንሱት በዓለም ላይ ከኢትዮጵያ በቀር በሌላ አገር አይገኙም፤ ከጎረቤታችን ከኤርትራ ጋር ብቻ የምንጋራቸው ደግሞ ሌሎች አሉ። ለዚህ ብዛት ምክንያቱ የምድሪቱ አቀማመጥ ነው። ከባሕር ወለል በታች ከሆነው ከዳሎል ቈላ አንሥቶ ከ4,500 ሜትር እስከሚበልጠው እስከ ራስ ደጀን ድረስ ያለው ልዩነት በአንድ አገር ውስጥ ብዙ ዓይነት የአየር ጠባይ እንዲኖር አድርጓል።

የወፎች መጠለያ የሚባለው ሥፍራ በሦስት መንገድ ይመሠረታል። አንደኛው መንግሥት በሕግ የሚከልለው ብሔራዊ ፓርክ ወይም የዱር እንስሳት መጠለያ ነው። ሁለተኛው ሕዝቡ በሃይማኖቱ ወይም በባህሉ ጠብቆ ያቈየው ሥፍራ ነው፤ የቤተ ክርስቲያንና የገዳም ደኖች ለዚህ ምስክር ናቸው። ሦስተኛው ሊቃውንት መርምረው ለወፎች ሕይወት እጅግ አስፈላጊ ነው ብለው የመዘገቡት ሥፍራ ሲሆን፥ ይህ በራሱ የሕግ ጥበቃ የለውም።

በሀገራችን የዱር አራዊትን ስለ መጠበቅ የወጣው አዋጅ ቍጥር 61 የታወጀው በ1936 ዓ.ም. ነበር። የኢትዮጵያ የዱር እንስሳትና የተፈጥሮ ታሪክ ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1966 ተቋቋመ። ይኸው ማኅበር እ.ኤ.አ. በ1996 ባወጣው የመጀመሪያ ዝርዝር ለወፎች አስፈላጊ የሆኑ 69 ሥፍራዎችን መዝግቧል። የዱር እንስሳትን ስለ ማልማት፥ ስለ መጠበቅና ስለ መጠቀም የሚናገረው አዋጅ ቍጥር 541 ደግሞ በ1999 ዓ.ም. ወጥቷል። በዱር እንስሳት ንግድ ሊሠማራ የሚፈልግ ሁሉ ፈቃድ ሊኖረው እንደሚገባ ነጋዴው ከዚህ ሕግ ይረዳል።

፪ኛ/ ወፎች እንደ ሲራራ ነጋዴ ናቸው

በመጠለያዎቻችን ከሚታዩት ወፎች ብዙዎቹ መንገደኞች ናቸው። በአውሮፓና በእስያ ብርድ ሲገባ በመስከረምና በጥቅምት ወደ እኛ ይመጣሉ፤ በመጋቢትና በሚያዝያ ይመለሳሉ። ከእነዚህ ውስጥ ንስሮች፥ ጥንብ አንሣዎችና ሽመላዎች ክንፋቸውን ሳያራግቡ ከሞቀ ምድር በሚነሣ አየር ላይ ተንሳፍፈው የሚጓዙ ናቸው። እንዲህ ያለው አየር በሰፊ ባሕር ላይ ስለማይገኝ ባሕሩ በሚጠብበት በኩል ለመሻገር ይገደዳሉ፤ ይኸውም በሰሜን በስዊዝ፥ በደቡብ በባብኤልመንደብ ነው። በስምጥ ሸለቆና በቀይ ባሕር በኩል የሚያልፈው ይህ የአየር ጎዳና በዓለም ከታወቁት የተንሳፋፊ ወፎች መንገዶች ሁለተኛው ሲሆን፥ በየጉዞው ወራት ከአንድ ሚሊዮን ተኩል የሚበልጡ ወፎች ያልፉበታል።

እንግዲህ ሲራራ ነጋዴ ውሃና ማደሪያ ያለበትን ሥፍራ እየቈጠረ እንደሚጓዝ ሁሉ፥ ወፍም በሐይቅና በደን፥ በረግረግና በሜዳ እያረፈ ይጓዛል። ከማደሪያዎቹ አንዱ ቢጠፋ መላው ጉዞ ይበላሻል። በሌላ በኩል በሕዝባችን ዘንድ በዓመት አንድ ጊዜ ብቻ የሚመጣ መስሎ የሚታየው የመስቀል ወፍ ከሩቅ የሚመጣ እንግዳ አይደለም። ክረምቱ ሲያልፍ ወንዱ የመራቢያ ጊዜውን ቀለም ስለሚለብስ እንደ አዲስ የሚታይ የዚሁ አገር ወፍ ነው።

፫ኛ/ በትግራይ

በመቀሌ ከተማ፥ በቃላሚኖ የሚኖር ነጋዴ ይህን ትምህርት ከደጁ ሊጀምር ይችላል። ከቃላሚኖ ተነሥቶ የደቡቡን አውራ ጎዳና ይዞ ማይጨውን አልፎ ኮረም ሳይደርስ የሐሸንጌን ሐይቅ ያገኛል። ሐሸንጌ ከባሕር ወለል በላይ 2,400 ሜትር ያህል ከፍ ብሎ በተራሮች መካከል የተኛ ሐይቅ ነው። በበጋ ወራት ከሰሜን የሚመጡ ዳክዬዎች በብዙ ሺሕ ሆነው ያርፉበታል፤ በተለይም መንቈሩ እንደ አካፋ የሰፋው ዳክዬ በብዛት ይታይበታል። ይህ ሐይቅ መውጫ ወንዝ የለውም። ስለዚህ ከዙሪያው እርሻ በጎርፍ የሚገባው አፈር፥ ማዳበሪያና መርዝ ሁሉ እዚያው ይቀራል። መውጫ የሌለው ሐይቅ ገንዘብ እንደሚገባበትና ዕዳም እንደሚከማችበት መዝገብ ነው፤ የገባበት ሁሉ ተደምሮ ይገኛል።

ከሐሸንጌ አጠገብ ያለው የሁጉምቡርዳና የግራት ካሕሱ ደን፥ እንዲሁም ከመቀሌ በስተሰሜን ምሥራቅ በትግራይ ደጋና በአፋር ቈላ ድንበር ላይ የሚገኘው የደስአ ደን በትግራይ ከቀሩት ደኖች ዋነኞቹ ናቸው። የደስአ ደን ጥድና ወይራ የበዛበት ሲሆን፥ ከቈላው የሚነሣው ጉም ያረጥበዋል። ከአፋር ጨው ጭነው ወደ መቀሌ ገበያ የሚወጡ አርሖዎች ይህን የገደል አፋፍ ለብዙ ዘመን ሲሻገሩት ኖረዋል። ከዚሁ አካባቢ ወደ ከተማ የሚመጣው ማገዶና ከሰል ግን ደኑን እያሳሳው መጥቷል። ከ2013 እስከ 2015 ዓ.ም. በነበረው ጦርነት መብራትና ነዳጅ በመቋረጡ ሕዝቡ በማገዶ ላይ ይበልጥ እንዲመካ ስለ ተገደደ የዛፉ ጥፋት ጨምሯል።

በትግራይ በስተምዕራብ በተከዜ ወንዝ አጠገብ የቃፍታ ሽራሮ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ፓርኩ በዝሆኖቹ የታወቀ ይሁን እንጂ ከእስያ ሜዳዎች የሚመጡ ክሬን የሚባሉ ረጅም እግር ያላቸው ወፎች በሺሕ እየሆኑ በወንዙ ዳር በጋውን ያሳልፋሉ።

ከዚህም ሌላ የሰው እጅ የሠራቸው መጠለያዎች አሉ። እ.ኤ.አ. ከ1995 ወዲህ በትግራይ ለመስኖ የተሠሩት ትንንሽ ግድቦች ለዳክዬና ለሌሎች የውሃ ወፎች ማረፊያ ሆነዋል። ከብትና መጥረቢያ እንዳይገባባቸው በሕዝብ ስምምነት የተከለሉት ተዳፋቶችም ቍጥቋጦ ሲያበቅሉ የሸሹት ወፎች ይመለሱባቸዋል። ትግራይ በዚህ የመሬት ማገገሚያ ሥራ እ.ኤ.አ. በ2017 የወርቅ ሽልማት ያገኘች ሲሆን፥ ሽልማቱን የሰጠው ወርልድ ፊውቸር ካውንስል የሚባለው ማኅበር ከተባበሩት መንግሥታት የበረሃማነት መከላከያ ስምምነት ጋር በመተባበር ነው። ከዚህ የምንረዳው መጠለያ የሚጠፋ ብቻ ሳይሆን ተመልሶ የሚሠራም ነገር መሆኑን ነው።

፬ኛ/ በአማራ ክልል

የጣና ሐይቅ እ.ኤ.አ. በ2015 በዩኔስኮ የባዮስፌር ጥብቅ ሥፍራ ሆኖ ተመዝግቧል። በበጋ ወራት ከሰሜን የሚመጡ ክሬኖች በአሥር ሺዎች እየተቈጠሩ በሐይቁ ዳርና በፎገራ ሜዳ ይሰፍራሉ፤ ሌሊት ጥልቀት በሌለው ውሃ ውስጥ ቆመው ያድራሉ፥ ቀን ደግሞ ከመከር በኋላ በማሳው ላይ የወደቀውን እህል ይለቅማሉ። አክሊል የመሰለ ላባ በራሱ ላይ ያለው ጥቍር ክሬን ደግሞ በዚያው በረግረጉ ውስጥ ይራባል። ፎገራ ዛሬ በሩዝ ንግድ የታወቀ አገር ነው፤ ነገር ግን ረግረጉ ወደ ሩዝ ማሳነት በተለወጠ መጠን የወፉ መራቢያ ይጠባል። በዚህ ላይ እ.ኤ.አ. ከ2011 ጀምሮ በጣና ላይ የታየው እምቦጭ የሚባል አረም ዳርቻውን ሸፍኖ አሣ አጥማጁንና ወፉን በአንድነት ጎድቷል።

በሰሜን ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ አጥንት ከከፍታ ላይ ወደ ዓለት እየጣለ በመስበር መቅኑን የሚበላው ትልቅ አሞራ ይኖራል። ፓርኩ እ.ኤ.አ. በ1978 በዓለም ቅርስነት ተመዝግቧል።

ለነጋዴ አስተማሪ የሚሆነው ግን በመንዝ የሚገኘው የጓሣ ምድር ነው። የመንዝ ሕዝብ ከ17ኛው መቶ ዓመት ጀምሮ ቄሮ በሚባል ሥርዓት ይህን ሥፍራ በጋራ ሲጠብቅ ኖሯል። ለቤት ክዳንና ለገመድ የሚሆነውን የጓሣ ሣር ለማጨድ ምድሩ የሚከፈተው ለተወሰነ ጊዜ ብቻ ነበር፤ አንዳንድ ጊዜም ለተከታታይ ዓመታት ይዘጋል። ዋናውን ሳይነኩ በወለዱ መጠቀም ማለት ይህ ነው። በዚሁ በምሥራቁ የሸዋ ገደል አፋፍ፥ በአንኮበር እ.ኤ.አ. በ1976 ከዚያ በፊት በሊቃውንት ዘንድ ያልታወቀ ትንሽ ወፍ ተገኝቷል፤ እርሱም በአገሩ ስም ተጠርቷል።

፭ኛ/ በስምጥ ሸለቆ

በወፎች መጠለያና በንግድ መካከል ያለውን ግንኙነት ከአብያታና ከሻላ ሐይቆች የበለጠ ገልጦ የሚያሳይ ሥፍራ የለም። ሁለቱ ሐይቆች ጎን ለጎን ሲሆኑ ጠባያቸው የተለያየ ነው። ሻላ 266 ሜትር ያህል ጥልቅ ነው፤ ለወፍ የሚሆን ዓሣ ግን እንደ ልብ አይገኝበትም። አብያታ ጥልቀት የሌለውና ቀድሞ ዓሣ የሞላበት ነበር። ስለዚህ ፔሊካን የሚባሉት ትልልቅ ነጭ ወፎች አውሬ በማይደርስበት በሻላ ደሴት ላይ እየጎጆ፥ በመካከሉ ያለውን ኮረብታ በሞቀ አየር ተንሳፍፈው እየተሻገሩ፥ ከአብያታ ዓሣ አጥምደው ጫጩቶቻቸውን ይመግቡ ነበር። ደሴቱም በአፍሪካ ከታወቁት የፔሊካን መራቢያዎች አንዱ ነበር።

አብያታ ውሃ የሚያገኘው በተለይ ከዝዋይ ሐይቅ በሚወጣው በቡልቡላ ወንዝ ነው። በዝዋይ ዙሪያና በገባር ወንዞቹ ላይ መስኖ እየሰፋ ሲሄድ ወደ አብያታ የሚወርደው ውሃ ቀነሰ። እ.ኤ.አ. ከ1980ዎቹ ወዲህ ደግሞ ለመስታወት፥ ለሳሙናና ለቆዳ ሥራ የሚያገለግለውን ሶዳ አሽ የሚያመርት ድርጅት የሐይቁን ውሃ እየሳበ በፀሐይ ማድረቅ ጀመረ። ሐይቁም ከቀድሞ ስፋቱ ከግማሽ በላይ አጣ። ውሃው ሲያንስ ጨውነቱ በረታ፤ ጨውነቱ ሲበረታ ዓሣው አለቀ፤ ዓሣው ሲያልቅ በሌላው ሐይቅ ላይ ያለው የፔሊካን ጎጆ ፈታ። ጥፋቱ የደረሰው በአንድ ሥፍራ ሆኖ ጉዳቱ የታየው በሌላ ሥፍራ መሆኑን ልብ ማለት ያሻል። ዋናው ጥሬ ዕቃ ውሃው በመሆኑም የውሃው ማነስ የሶዳውን ንግድ ራሱን መልሶ ይነካዋል።

ወደ ሰሜን ምሥራቅ ሲሄዱ እ.ኤ.አ. በ1966 የተመሠረተውና ከ450 የሚበልጡ የወፍ ዓይነቶች የታዩበት የአዋሽ ብሔራዊ ፓርክ ይገኛል። ከዚያም አልፎ የአፋር ሜዳ ከባልካን፥ ከቱርክና ከካውካሰስ አገሮች ለሚመጣው ነጭ ጥንብ አንሣ የክረምት መኖሪያ ነው። ይህ ወፍ በአውሮፓ እጅግ እያነሰ የሄደ በመሆኑ፥ የዚያን አገር ሰዎች ድካም ፍሬ እንዲያገኝ የሚያደርገው በአፋር የሚገኘው ጥበቃ ነው ቢባል ማጋነን አይሆንም።

፮ኛ/ በደቡብ፥ በምዕራብና በመካከለኛው ክፍል

የባሌ ተራሮች ብሔራዊ ፓርክ 2,200 ካሬ ኪሎ ሜትር ያህል የሚሰፋ ሲሆን እ.ኤ.አ. በ2023 የዓለም ቅርስ ሆኗል። በሰነቲ አምባ ላይ ክንፉ ሰማያዊ የሆነው የኢትዮጵያ ዝይ ይኖራል።

በቦረና ያቤሎ አካባቢ በዓለም ላይ በሌላ ሥፍራ የማይገኝ፥ እ.ኤ.አ. በ1938 ለሳይንስ የታወቀ የቁራ ወገን የሆነ ወፍ አለ። ነጭ ጅራት ያለው ጨረባም ከእርሱ ጋር ይኖራል። ያ ቁራ የሚኖረው ከዙሪያው ቈላ ቀዝቀዝ ባለ አየር ውስጥ ብቻ ስለሆነ፥ ሙቀት ሲጨምር መሸሻ የሌለው ፍጥረት ነው። በነጌሌ ቦረና አጠገብ በሊበን ሜዳ የምትገኘው ትንሽ የሣር ወፍ ደግሞ ከሊበንና ከጅጅጋ አካባቢ በቀር መኖሪያ የላትም። ቍጥቋጦና እርሻ ሜዳውን እያጠበቡት በመሄዳቸው ከመጥፋት አፋፍ ላይ ደርሳለች። ቦረናዎች ካሎ ብለው የሚጠሩትን የግጦሽ ክልል መመለስ ግን ለከብቱ ሣር፥ ለወፏም ጎጆ ይሰጣል። ከዚህ አገር የቀንድ ከብት ለሚገዛ ነጋዴ የሜዳው ሣር ጉዳይ የሌላ ሰው ጉዳይ አይደለም።

በአርባ ምንጭ አጠገብ በነጭ ሳር ሜዳ እ.ኤ.አ. በ1990 በመንገድ ላይ ከሞተ አንድ ወፍ የአንድ ክንፍ ላባ ተገኘ፤ እ.ኤ.አ. በ1995 በዚያ ክንፍ ብቻ አዲስ የወፍ ዓይነት መሆኑ ተመዘገበ። ከአንድ ክንፍ የተነሣ አያሌ አገር ጎብኝዎች ወደዚያ ሜዳ መጓዛቸው የእውቀትን ዋጋ ያሳያል። በምዕራብ የጋምቤላ ረግረግ መንቈሩ እንደ ጫማ የሆነው ብርቅ ወፍ የሚታይበት ነው። ከአዲስ አበባ በስተምዕራብ በሚገኘው የበርጋ ረግረግ ደግሞ በዓለም እጅግ ብርቅ ከሆኑት ወፎች አንዷ፥ ክንፏ ነጭ የሆነው ትንሽ የረግረግ ወፍ፥ በክረምት ትራባለች። እርሷን የሚያድናት የሣሩን አጨዳና የከብቱን መግቢያ ጊዜ ማስተካከል ነው።

፯ኛ/ የጥንብ አንሣ ጉዳይና የመድኃኒት አስመጪ

ከላይ የተጠቀሱት መጠለያዎች ሁሉ አጥርና ዘብ ቢኖራቸው እንኳ የማያግዱት አንድ አደጋ አለ። ይህም በሣጥን ታሽጎ፥ በቀረጥ በኩል አልፎ፥ በፋርማሲ መደርደሪያ ላይ የሚቀመጥ ነገር ነው።

ጥንብ አንሣን ብዙ ሰው ይጸየፈዋል። ነገር ግን የሞተን እንስሳ በጥቂት ሰዓት ውስጥ አጥንቱን ብቻ አስቀርቶ የሚያጸዳው እርሱ ነው። የጨጓራው አሲድ እጅግ ኃይለኛ ስለሆነ ብዙውን የበሽታ ዘር ይገድላል። በቄራና በከብት ገበያ አካባቢ የሚያንዣብበው አሞራ ደመወዝ የማይጠይቅ የጽዳት ሠራተኛ ነው።

በሕንድ፥ በፓኪስታንና በኔፓል የሆነው ነገር ለእኛ ትምህርት ይሆናል። እ.ኤ.አ. በ1990ዎቹ ዳይክሎፌናክ የሚባለው የሕመምና የእብጠት ማስታገሻ በርካሽ እየተሠራ ለከብት ሕክምና ተሠራጨ። በዚሁ ዘመን ጥንብ አንሣዎች ያለቁበት ምክንያት ለብዙ ጊዜ ሳይታወቅ ቀረ። እ.ኤ.አ. በ2004 በፓኪስታን የተደረገው ምርመራ ምክንያቱን ገለጠ፤ በዚህ መድኃኒት ታክሞ ብዙም ሳይቈይ የሞተን ከብት የበላ ጥንብ አንሣ ኩላሊቱ ተበላሽቶ ይሞታል። ከመቶ ጥንብ አንድ እንኳ የማይሞላው ቢመረዝ ወገኑን ለመጨረስ በቂ መሆኑም ተረጋገጠ፤ ምክንያቱም በአንድ ጥንብ ላይ ብዙ ወፎች ይሰበሰባሉ። በሕንድ በብዛት ይገኝ የነበረው ጀርባው ነጭ የሆነው ዓይነት ከ1992 እስከ 2007 ባለው ጊዜ ከሺሁ አንድ ያህል ብቻ ቀረ።

ከዚህ በኋላ የደረሰው ኪሣራ የወፍ ብቻ አልነበረም። ጥንቡ ሜዳ ላይ እየበሰበሰ ቀረ፤ ውሾች በዙ፤ የእብድ ውሻ በሽታም አሰጋ። ጥንብ አንሣ ያጸዳውን አጥንት ሰብስበው ለፋብሪካ ይሸጡ የነበሩ ድኾች ሥራቸው ተበላሸ። እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣ የኢኮኖሚስቶች ጥናት ከ2000 እስከ 2005 ባሉት ዓመታት ብቻ በዚህ ምክንያት በሕንድ ግማሽ ሚሊዮን ያህል ተጨማሪ ሰው እንደሞተ ገምቷል። ሦስቱ መንግሥታት መድኃኒቱ ለከብት እንዳይሠራ እ.ኤ.አ. በ2006 ከለከሉ። ይሁን እንጂ ለሰው የተሠራው ትልቁ ጠርሙስ ለከብት መዋሉ ስላልቀረ፥ ሕንድ እ.ኤ.አ. በ2015 የሰው መርፌ ከሦስት ሚሊ ሊትር በማይበልጥ መያዣ ብቻ እንዲሸጥ ደነገገች። ኬቶፕሮፌን የሚባለውም መድኃኒት ጥንብ አንሣን የሚገድል መሆኑ ታውቆ ባንግላዴሽ እ.ኤ.አ. በ2021፥ ሕንድ ደግሞ በ2023 ለከብት እንዳይውል አግደውታል።

መልካሙ ወሬ ግን ምትክ መኖሩ ነው። ሜሎክሲካም የሚባለው መድኃኒት ለከብቱ ያንኑ ጥቅም የሚሰጥ፥ ለጥንብ አንሣ ግን ጉዳት የሌለው መሆኑ በምርመራ ተረጋግጧል።

በኢትዮጵያ ከሚኖሩት ጥንብ አንሣዎች ሦስቱ ዓይነቶች፥ ማለት በገደል ላይ የሚጎጆው፥ ጀርባው ነጭ የሆነውና በከተማ የሚታየው ትንሹ ቡናማ ዓይነት፥ ዛሬ በዓለም አቀፍ መዝገብ ለመጥፋት እጅግ በተቃረቡት ተራ ተመዝግበዋል። የቀንድ ከብት በብዛት ከሚገኝባቸው የአፍሪካ አገሮች አንዷ በሆነችው በኢትዮጵያ የእንስሳት መድኃኒት ንግድ ሰፊ ነው። እንግዲህ አስመጪው የትዕዛዝ ዝርዝሩን ሲያዘጋጅ በአንድ መሥመር ላይ የሚጽፈው ስም የሁሉንም መጠለያዎች ዕድል ይወስናል ማለት ነው።

፰ኛ/ ሌሎች አደጋዎች

መርዝ ሁለተኛው ነው። ጅብን ወይም ውሻን ለመግደል ሥጋ ላይ የሚደረግ የተባይ መርዝ በመጀመሪያ የሚገድለው ጥንብ አንሣውን ነው። ለማሽላ ገበሬ ጠላት የሆነውን ግሪሳ ወፍ ለመከላከል በአውሮፕላን የሚረጨው መርዝም ግሪሳውን የሚበሉትን ጭልፊቶች አብሮ ይጎዳል። ግሪሳን መከላከል ለእህል ንግድ አስፈላጊ መሆኑ የማይካድ ሲሆን፥ መርጨቱ በመንጋው ማደሪያ ላይ ብቻ እንዲወሰን ማድረግ ጉዳቱን ያሳንሳል።

የኤሌክትሪክ ሽቦ ሦስተኛው ነው። በሱዳን ከፖርት ሱዳን የተዘረጋ አንድ የኤሌክትሪክ መሥመር እ.ኤ.አ. ከ1950ዎቹ ጀምሮ እስከ ተዘጋበት እስከ 2014 ድረስ ነጭ ጥንብ አንሣዎችን በብዛት ገድሏል። ሽቦዎቹ በምሶሶው ጫፍ ላይ ተቀራርበው ስለ ነበር ክንፉን የዘረጋ ወፍ ሁለቱን በአንድ ጊዜ ይነካ ነበር። ሽቦውን ማራራቅ ወይም በጎማ መሸፈን ይህን ያስቀራል፤ የተቃጠለ ወፍ መሥመሩን ስለሚያቋርጥም ጥቅሙ ለመብራት ተጠቃሚው ጭምር ነው። በመቀሌ አጠገብ በጥቅምት 2006 ዓ.ም. የተመረቀው የአሸጎዳ የነፋስ ኃይል ማመንጫ 84 መንኰራኵሮች ያሉትና 120 ሜጋዋት እንዲሰጥ የታቀደ ነው። የነፋስ ኃይል ለሀገር የሚበጅ ሥራ ነው፤ ነገር ግን ተንሳፋፊ ወፎች በሚያልፉበት ምድር እንዲህ ያለ መሣሪያ ሲተከል የጉዞ ወራትን መከታተልና ጥንብ ከሥሩ ማንሣት የተለመደ ጥንቃቄ ሊሆን ይገባል።

፱ኛ/ ነጋዴው ምን ማድረግ ይችላል?

አስመጪው፦ ለእንስሳት ሕክምና ማስታገሻ ሲያዝዝ በዳይክሎፌናክና በኬቶፕሮፌን ፈንታ ሜሎክሲካምን ይምረጥ። የኤሌክትሪክ ዕቃ የሚያስመጣ ከሆነ የምሶሶ መሸፈኛና የሽቦ ምልክት ከዕቃው ዝርዝር ጋር ያቅርብ። ለከተማ ነዋሪ የኤሌክትሪክና የጋዝ ምድጃን የሚያቀርብ ነጋዴም የደስአን ደን ከማገዶ ፈላጊ ያሳርፋል።

ላኪው፦ ሥጋና የቁም ከብት የሚልክ ድርጅት ከብቱ ከመታረዱ በፊት ምን መድኃኒት እንደ ተሰጠው መዝግቦ ይያዝ። ይህ መዝገብ ገዢው አገር ስለ መድኃኒት ቅሪት ለሚያቀርበው ጥያቄም መልስ ይሆነዋል። አበባና አትክልት የሚልክ ደግሞ ውሃውን በቍጠባ ይጠቀም። በሕይወት ያለ የዱር ወፍ ለመሸጥ የሚጠየቅ ሰው፥ ኢትዮጵያ እ.ኤ.አ. በ1989 ለመጥፋት የተቃረቡ ዝርያዎችን ንግድ የሚቈጣጠረው የሳይተስ ስምምነት አባል መሆኗን ይወቅ።

ባለሱቁ፦ የተባይ መርዝ በለስላሳ መጠጥ ጠርሙስ እየገለበጠ ያለ ምልክት አይሽጥ፤ ለምን ሥራ እንደሚገዛም ይጠይቅ። ለሰው የተሠራ መድኃኒት ለከብት እንዲሆን ለሚፈልግ ገዢ፥ ወደ እንስሳት ሐኪም እንዲሄድ ይንገረው። በሐሸንጌ፥ በጣና ወይም በያቤሎ መንገድ ላይ ሆቴል ወይም ምግብ ቤት ያለው ነጋዴም የአካባቢውን ወፎች ስምና የሚታዩበትን ወር አውቆ ለእንግዳው ቢነግር እንግዳው አንድ ሌሊት ጨምሮ ያድራል። ወፍ ለማየት የሚጓዝ ሰው ማለዳ የሚነሣ፥ አስጐብኚና መኪና የሚከራይ፥ በገጠርም ብዙ ቀን የሚቈይ እንግዳ ነውና።

እነዚህ ሥራዎች ከነጋዴው የሚጠይቁት ትልቅ ወጪ አይደለም። አብዛኞቹ አንዱን ዕቃ በሌላው መተካትን፥ አንድ ጥያቄ መጠየቅን፥ አንድ መሥመር መዝግቦ መያዝን የሚሹ ናቸው። በአብያታ የደረሰውን ለመመለስ ወንዝን መልሶ ማስፈሰስ ያስፈልጋል፤ በሕንድ ያለቁትን ጥንብ አንሣዎች ለመተካትም ወፉ በዓመት አንድ እንቍላል ብቻ ስለሚጥል የብዙ ዘመን ሥራ ይጠይቃል። በእኛ አገር ግን ጥንብ አንሣው ገና በሰማዩ ላይ ስላለ፥ የሚያስፈልገው ሥራ አስቀድሞ በትዕዛዝ ደብተር ላይ ሊፈጸም የሚችል ነው።